የስንቅ ተራ

ጎፋ ያለው የእድራችን ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ የሆንኩት በችሎታዬ አይደለም። «ግጥም ይሞክራል፣ ሥራም የለው» ተብሎ ነው። እኔም እሁድ እሁድ እየተቁነጠነጥኩ እጽፋለሁ።

እድራችን ለቀብር ብቻ አይደለም። የአባል ልጅ ሲታሰር ጎረቤቱ በየተራ ጣቢያ ስንቅ ያደርሳል። ዓምና የሊቀመንበሩ ልጅ ወደ ሀና ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ ጎማ አቃጥሎ፣ ድንጋይ ደርድሮ ሲያዝ ተራው ያለ ክርክር ወጣ። ዘንድሮ የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ልጅ ያንኑ አድርጎ ታሰረ፤ እሱ ግን የወጣው ለሌላኛው ወገን ነው። ዛሬ በስብሰባው እናቱ ምሳ ዕቃ ታቅፈው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ስፌቱን ዘግተው በየቀኑ ጣቢያ መመላለስ አይችሉም።

«ጻፍ» አሉኝ ሊቀመንበሩ፤ «እድሩ ለሁከት ፈጣሪ ስንቅ አያደርስም።»

አጻጻፉን ልኮርጅ ወደ ዓምናው ገጽ ብመለስ ዓይኔ እዚያው ቀረ።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ የሆነውን ላንብብ?»

«አንብብ።»

«ጎማ ተቃጠለ። መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። የአንድ ታክሲ መስታወት ረገፈ።»

«ይኸው! ይሄ ሁከት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?»

«ወጣቱም የሕዝብን ብሶት ሊያሰማ እንደ ጎርፍ ወጣ።»

«ማነው እንደዚያ ብለህ ጻፍ ያለህ?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። የዓምናው ገጽ ነው።»

ከኋላ አንድ አዛውንት ሳቅ አመለጣቸው፤ ተከትሎ ቤቱ በሙሉ ሳቀ።

«የዓምናው ሌላ ነው!» አሉ ሊቀመንበሩ። «እነሱ ምክንያት ነበራቸው።»

«የኔም ልጅ ምክንያት አለኝ ይላል» አሉ ልብስ ሰፊዋ።

እኔ ብዙ አልሳቅኩም። «እንደ ጎርፍ» የምትለዋን ማንም ሳያዘኝ የጨመርኳት እኔ ነኝ። የዓምናው ወገን የኔም ወገን ነበር። ዘንድሮ ደግሞ «ሁከት ፈጣሪ» ብለህ ጻፍ ስባል እስክሪብቶዬ ወረቀቱን ነክቶ ነበር።

«እሺ፣ እሺ» አሉ ሊቀመንበሩ፣ ላባቸውን እየጠረጉ። «ስሙን ተወው፣ ተራውን ጻፍ። ማክሰኞን እኔ እይዛለሁ።»

ሲወጡ በሩ ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ አጠገብ ቆም አሉ።

«ልጁ ምን ይበላል?»

«ሽሮ አይወድም።»

«ታስሮም ይመርጣል እንዴ?»

«የእርስዎስ? ዓምና በተራዬ ስወስድለት መኮሮኒ ካልሆነ ብሎ መልሶብኝ የለም?»

ሊቀመንበሩ ባዶውን ምሳ ዕቃ ለማክሰኞ ተቀብለው ክዳኑ መግጠሙን ሁለት ጊዜ አዩ።