ስሙ የተቆረጠው ሥዕል

እናትአለም ስለ አባቷ ሥራ ስትጠየቅ "ነጋዴ ነው" ትል ነበር። ጅግጅጋ ላይ ከመሀል አገር የመጣ ሰው ሁሉ ነጋዴ ይመስላልና "ምን ይነግዳል?" ብሎ የሚያፋጥጣት አልነበረም። ይሁን የሚባለው አባቷ ግን ሱቅም ሚዛንም የለውም። ያለው አንድ መሰላል፣ ሰባት ብሩሽና ክዳናቸው የማይገጥም የቀለም ቆርቆሮዎች ብቻ ነው።

ይሁን ከደብረ ብርሃን መጥቶ ጅግጅጋ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ይህን ሁሉ ዘመን በየሱቁ ግድግዳ ላይ ሱቁ የሚሸጠውን ሲስል ኖሯል፤ ጥርስ ሐኪሙ በር ላይ የሰው ጭንቅላት የሚያህል ጥርስ፣ ሥጋ ቤቱ ላይ የፍየል ጭን፣ መድኃኒት ቤቱ ላይ መርፌ። አማርኛም ሶማሊኛም ማንበብ የማይችል ሰው ሱቁን እንዳይስተው ነው ነገሩ። ባነር የሚያትሙ ማሽኖች ከተማውን ከወረሩት ወዲህ ግን ጅግጅጋ ፊቷን አዞረችበት፤ እሱም መሰላሉን ሚኒባስ አናት ላይ እያሰረ አውበሬና ቶጎጫሌ ሥራ ፍለጋ መመላለስ ጀመረ።

እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ልጁ ኮሌጅ ገብታ ሚዲያ ልትማር ነው ሲባል ይሁን የሚሆነውን አጣ። "እኔ በመሰላል የወጣሁበትን አንቺ በመጽሐፍ ልትወጪበት ነው" አላት። አባትና ልጅ የሙያ ባልደረባ የሆኑ መሰለው፤ የዋህ ሰው ነው። እሷ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለም የጠጣ ሱሪውን ለብሶ ወደ ግቢው ብቅ እንዳይል ስትጸልይ ከረመች።

በ2014 ዓ.ም.፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ መጽሔት፣ የቴሌቪዥን ድራማና ማስታወቂያ የሚያጠኑበት ኮርስ ነበራቸው። መምህሩ ዐብዲፈታህ ቀጠን ያለ፣ ሳቅ የሚቀናው ሰው ሲሆን የሚያሳያቸውን ነገር ሁሉ "ማን ሠራው? ለማን? ማንን ደበቀ?" እያለ ያስመረምራቸዋል። በመጽሔት ሽፋን ላይ የሚስቁትን ሴቶች መረመሩ። ከዚያ ወደ ድራማ ተሻገሩ፤ አንዲት ልጅ በሰርጓ ዕለት እናቷን "የቤት ሠራተኛችን ናት" ብላ ስትክድ የሚያሳይ ነበር። እናትአለም ስድስት ገጽ ጻፈችበት። "እንዲህ ያለች ልጅ በእውነተኛው ዓለም የለችም፤ ደራሲው እንባ ለማስፈሰስ የፈጠራት ናት" ስትል ደመደመች። መምህሩ ከጎኑ "ግሩም!" ብሎ ጻፈላት። ያን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣለችውም፤ ለምን እንደማትጥለው ግን አትጠይቋት።

ሦስተኛው ሥራ ማስታወቂያ ነበር፤ እያንዳንዱ ተማሪ ከመንገድ ላይ አንድ የሱቅ ማስታወቂያ ፎቶ አንስቶ ክፍል ውስጥ እንዲያቀርብ ታዘዘ። እናትአለም ዛሬ ነገ ስትል ቀኑ ደረሰ። በዚያው ጠዋት አባቷ ብሩሽ ሲያጥብ ስልኩን አነሳችና ከፎቶዎቹ አንዱን ወደ ራሷ ስልክ ላከች። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚያሳየው፣ የሚኮራበት፣ አውበሬ ውስጥ ለአንድ ወተት ቤት የሳለው ሥዕል ነበር። አንዲት ትልቅ ግመል፣ ከሥሯ ቁጢጥ ብላ የምታልብ ፈገግተኛ ሴት፣ ከታች በኩል ደግሞ "ይሁን" የሚል ስምና ስልክ ቁጥር። እናትአለም ታችኛውን ክፍል ቆርጣ ጣለችው። ክፍል ውስጥ በየቀኑ "እናትአለም ይሁን" ተብላ ነው የምትጠራው፤ ስሙን ያየ ሁሉ የማን አባት እንደሆነ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም።

"ወደ አውበሬ ስሄድ ያነሳሁት ነው" አለች ፎቶው ግድግዳው ላይ ሲበራ። ስለ ቀለማቱ ልትናገር አፏን ከመክፈቷ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምን እንዳሳቃቸው አልገባትም። ሳሃል የሚባለው የአርብቶ አደር ልጅ እንባውን እየጠረገ ተነሳ።

"ወላሂ ይሄ ሰው ግመል አያውቅም! ግመል ቁጭ ተብሎ አይታለብም። በዚያ ላይ ሴት! የሚያልበው ወንድ ነው፤ ያውም ቆሞ።"

እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃት ነበር። ግን ከሚሳቅበት ሰው ጋር አብራ እንዳትቆጠር ፈራችና ከሳቂዎቹ በላይ ሳቀች። "ሠዓሊው ግመሏ የጎረቤት ላም መስላው ይሆናላ!" አለች። ክፍሉ እንደገና ፈረሰ። እንደዚያ ቀን ተወዳ አታውቅም።

"ማን ሠራው?" አለ መምህሩ እንደ ልማዱ።

"አይታወቅም፤ ስም የለውም።"

"ኧረ እኔ አውቀዋለሁ!" አለች ኢክራን የምትባል ተማሪ ከኋላ። "የአክስቴ የሱዕዲ ወተት ቤት እኮ ነው። የሠዓሊው ስልክ አላት።"

መምህሩ እጁን አጨበጨበ። "እንግዲያው ሐሙስ ይምጣልን። እናትአለም፣ ቃለ መጠይቁን አንቺ ታደርጊያለሽ፤ ውጤትሽም በሱ ነው።"

ረቡዕ ምሳ ላይ ይሁን ገና ሳይቀመጥ "ኮሌጅ ጠሩኝ እኮ!" አላት። "የአውበሬዋን ሥዕል እየተማሩባት ነው አሉ። ሱዕዲ ናት የደወለችልኝ። ያንቺ ክፍል ይሆን እንዴ?"

"ብዙ ክፍል አለ፣ አባዬ" አለች ዓይኗን ከሳህኑ ሳታነሳ። እዚያው ልትነግረው ትችል ነበር። "እየሳቁብህ ነው፣ አትምጣ" ማለት ምን ይከብዳል? ግን ያን ካለች ማን እንዳሳቀበትም ልትናገር ነው። አልደፈረችም። ሥራ ቢያገኝ፣ ቀኑን ቢረሳው፣ ትንሽ ቢያመው እያለች ስትመኝ ዋለች፤ አዎ፣ እንዲያመውም ተመኝታለች።

ሐሙስ ዕለት ይሁን ተላጭቶ፣ የበዓል ኮቱን ለብሶ፣ ጥፍሩ ሥር የቀረውን ሰማያዊ ቀለም በናፍጣ ፈትጎ ገባ። እናትአለም ወረቀት ይዛ ከፊት ቆማለች። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ሊጠራት ከንፈሩ ሲላቀቅ አየችው። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሥዕሉ ሄደ። ታችኛውን ጠርዝ ሲያይ ቆየ። ስሙ የነበረበት ቦታ የለም። ከሥዕሉ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ ሥዕሉ ተመለከተና ፈገግታውን ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

"እንኳን ደህና መጡ። ስምዎን ለተማሪዎቹ ቢነግሩልን?" አለ መምህሩ።

"ሠዓሊው በሉኝ፣ ይበቃል" አለ ይሁን። "ሰዉም እንደዚያ ነው የሚለኝ።"

እናትአለም መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከወረቀቱ እያነበበች፣ "ሴትዮዋን ለምን ቁጢጥ አድርገው ሳሏት?" ብላ የገዛ አባቷን በአንቱታ ጠየቀችው።

"ጥያቄዎ ተገቢ ነው፣ እመቤት" አላት።

አንቱ አላት። በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት ሰው፣ ትናንት ምሳ ላይ "እናቴ፣ ውሃ አቀብዪኝ" ሲላት የነበረ ሰው፣ እንደ ባዕድ አንቱ አላት። ሊወጋት አልነበረም፤ እንዳትጋለጥበት ብሎ ነው። እሱ ነው አንጀቷን የቆረጠው።

"እኔ ያደግሁት ላም ሲታለብ እያየሁ ነው" ብሎ ቀጠለ። "የግመል ወተት ሃያ ሁለት ዓመት ጠጥቻለሁ፤ ሲታለብ ግን አንድ ቀን አላየሁም። ሰው መጠየቅ ሲገባኝ፣ 'ይህን ያህል ዘመን ኖሮ ይህን አያውቅም' እንዳልባል አፍሬ በገመትኩት ሳልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። እናንተ እንዴት እንደሚታለብ ብታሳዩኝ አስተካክለዋለሁ።"

ማንም አልሳቀም። ሳሃል ወደ ፊት ወጣ፤ በግራ እግሩ ቆሞ ቀኙን አጠፈና ጉልበቱ ላይ አሳረፈው፤ የኢክራንን ቦርሳ እንደ ወተት ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ሊወድቅ ሲንገዳገድ ይሁን ደግፎ ያዘው። ያኔ ሁሉም ሳቁ፣ ይሁንም አብሯቸው ሳቀ፤ እርሳስ ከኪሱ አውጥቶ ሳሃልን እንደቆመ ነደፈው። ሲወጣ መምህሩን ጨበጠ፣ ሳሃልን ጨበጠ፣ እሷንም እንደ ሌሎቹ ጨበጣትና "ይበርቱ" አላት።

ቤት ውስጥ ስለ ነገሩ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እራቱን በላ፣ ዜናውን ሰማ፣ እንደ ወትሮው "እናቴ" እያለ ጠራት። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ፊቱን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሰኞ መምህሩ ስም ሲጠራ "እናትአለም ይሁን" አለ። "አቤት" ብላ እንደ ሁልጊዜው በተቀመጠችበት አልመለሰችም፤ ቆመች።

"ሠዓሊው ይሁን ነው የሚባለው" አለች። "አባቴ ነው። ስሙን ከፎቶው ላይ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።"

ኢክራን አንገቷን ደፋች። መምህሩ "እሱ እዚህ ቆሞ ሳለ ብትይው..." ብሎ ጀመረና ተወው። "ተቀመጪ" አለና የሚቀጥለውን ስም ጠራ።

ከክፍል እንደወጣች በቀጥታ መናኸሪያ ሄዳ የአውበሬ ሚኒባስ ተሳፈረች። ይሁን ሱዕዲ ወተት ቤት ፊት ለፊት መሰላሉ ላይ ነበር። ቁጢጥ ያለችው ሴት የለችም፤ በምትኳ አንድ ጎልማሳ በአንድ እግሩ ቆሞ ያልባል፤ ፊቱ ቁርጥ ሳሃልን ነው። ሱዕዲ በሩ ላይ ቆማ ለአላፊ አግዳሚው ታሳያለች። ከታች ስልክ ቁጥሩ ተጽፏል፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም።

"አባዬ፣ ነገርኳቸው" አለችው ከመሬት ሆና። "የማን ልጅ እንደሆንኩ ለሁሉም ነገርኳቸው። ስምህን የቆረጥኩትም እኔ እንደሆንኩ።"

"ጥሩ አደረግሽ፣ እናቴ።" ብሩሹን በጨርቅ ጠረገና ወረደ።

"ስምህን አልጻፍክም እኮ።"

"ስልኩ ይበቃል። የፈለገኝ ይደውላል።" ጎንበስ ብሎ ቆርቆሮዎቹን መክደን ጀመረ።

እናትአለም ቀና ብላ አየች። ከስልክ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ለሦስት ፊደል የሚበቃ ቦታ ባዶውን ቀርቷል። የመሰላሉን አንድ ጫፍ ይዛ ከኋላው ወደ መናኸሪያው ስትሄድ ዞራ ዞራ ያን ባዶ ቦታ ታይ ነበር።