እናቴ ያልሰማችው ድምፅ

በተሰደድንባት ከተማ፣ ፋልከንሪጅ ሰፈር በነበረችው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ስዘምር ነው ያደግኩት። ሰው ድምፄን ሲያመሰግን እናቴ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኦፔራ እንደምማር ስነግራት ኦፔራ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ታሪክ በዘፈን የሚነገርበት ቲያትር ነው አልኳት። ዘፈን ባልል ኖሮ ይሻለኝ ነበር። በሳምንቱ ወሬው የደረሳቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጠርተውኝ፣ ሳይቆጡ፣ ለጊዜው ከኳየሩ ጋር እንዳልቆም ነገሩኝ። ያ ጊዜ አሥራ አንድ ዓመት ሆነ።

ቀን ቀን ኤርፖርቱ አጠገብ ዕቃ በምንጭንበት ዌርሃውስ ውስጥ ሺፍት እየሠራሁ፣ ከሺፍት በኋላ ዳውንታውን የኦፔራ ልምምድ እሄድ ነበር። መድረክ ላይ ሁልጊዜ ከኋላ ነበርኩ፤ አንዴ ገረድ፣ አንዴ መነኩሲት፣ አንዴ ገበያተኛ። እናቴ አንድም ቀን አልመጣችም። እኔም አልለመንኳትም።

በመጨረሻ ብቻዬን የምዘፍንበት ሚና ሰጡኝ፤ ልጇ የሞተባት እናት። ታራዴል ሰፈር እናቴ ቤት ሄጄ ነገርኳት። "ልቅሶ ከሆነማ ዘፈን አይደለም። እመጣለሁ" አለችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

ልምምዱ በተጀመረ በሦስተኛው ሳምንት አንገቴ ላይ እብጠት ተገኘ። መቆየት የለበትም ተባልኩ። ኦፕሬሽን የምታደርግልኝ ሐኪም የድምፅ አውታሬን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ ሰምቼ ፈረምኩ። ከኦፕሬሽኑ ስነቃ ውኃ ልጠይቅ አፌን ብከፍት የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሚናውን ለሌላ ሴት ሰጡት።

ትርኢቱ ይቅርብን ብዬ ለእናቴ ጽፌ ሰጠኋት። እሷ ግን አንዴ እሺ ብያለሁ አለች። ቅዳሜ ከሰዓት የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ አጠገቤ ተቀመጠች። ያቺ ሴት ብቻዋን ወደ ፊት ወጥታ ስትጀምር እናቴ እጄን ያዘች። ቋንቋው ሳይገባት እንባዋ ወረደ።

"ያንቺ ቦታ ይሄ ነበር?" አለችኝ በጆሮዬ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ።

"አንቺም እንዲህ ነበር የምትዘምሪው?"

የምትዘምሪው ነው ያለችው፤ የምትዘፍኚው አላለችም። ከዘፋኟ እበልጥ ነበር ልላት ፈለግኩ፤ እውነትም እበልጥ ነበር። የወጣልኝ ሹክሹክታ ከኦርኬስትራው በላይ አልተሰማም። ደግማ ጠየቀችኝ። ከፊታችን የተቀመጡት ሰዎች ዞረው ስላዩን ተወችው፤ ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም።

አሁን ለመነጋገር የሚበቃ ሻካራ ድምፅ አለኝ። ሐኪሟ ከዚህ በላይ እንደማይመለስ ነግራኛለች። ይህን ለእናቴ አልነገርኳትም። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አድርጋ ትጸልያለች። እኔ ጸሎቱን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። እስክትጨርስ ድረስ ግን ዓይኔን ጨፍኜ እቆምላታለሁ።