እማማ ዘውዴ ያነሱት ሽቦ

ፈቃድ አውጥቼ፣ ቂርቆስ ግቢያችን ውስጥ ለአንቴና የሚሆን ረጅም ሽቦ ዘርግቼ፣ በአነስተኛ ኃይል በሬዲዮ ሞገድ መለያ ስሜን ደጋግሞ የሚልክ መሣሪያ ተክያለሁ። ሩቅ አገር የሰማኝ ሰው ካለ ኮምፒውተሬ በኢንተርኔት ያሳየኛል። ለወራት ግን ማንም አልሰማኝም።

አንድ ምሽት ካዛንቺስ ካለው ቢሮዬ ስመለስ ጎረቤቴ እማማ ዘውዴ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ሽቦህ ነጠላዬን እየያዘ አስቸገረኝ። በቃ፣ አነሳሁት!»

ክው አልኩ። «የት ጣሉት?»

«ምን እጥለዋለሁ! በረጅም እንጨት ወደ ላይ ከፍ አድርጌ አሰርኩት እንጂ።»

እንዳልቆጣቸው ፈጥኜ ወደ ቤቴ ገባሁ። ኮምፒውተሩን ስከፍት፣ ለካ ሽቦው ከፍ በማለቱ ፊንላንድ ያለ ሰው ሰምቶኛል! ሮጬ ወጥቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

«እማማ፣ ፊንላንድ ድረስ ተሰማሁ!»

«ታዲያ ምን ይገትርሃል?» ብለው ተቆጡኝ። «የጠራኸው ሰው አቤት ሲልህ ዝም ትላለህ?»