በፈተናው ዋዜማ ዲስኩ ጠፋ

ይህ የሆነው በዘጠናዎቹ መጨረሻ፣ ቡሬ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ሳለሁ ነው። ሰው «አትችይም» ባለኝ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የፈተና ወረቀት የምተይበው እኔ ነበርኩ። መምህራኑ በእጃቸው ጽፈው ያመጣሉ፤ ተተይቦ ከታረመ በኋላ ተማሪ እጅ እንዳይገባ ረቂቁ ይቃጠላል። ደንባችን ነው። ያን ጊዜም የማጠቃለያ ፈተናውን ሁሉ ጨርሼ፣ ረቂቁም ተቃጥሎ፣ የቀረኝ ማተም ብቻ ነበር። ፈተናው በማግስቱ ነው።

ጠዋት ኮምፒውተሩን ስከፍተው «ዲስክ አላገኘሁም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣና ቀጥ አለ። አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው። ወሽመጤ ብጥስ አለ። እዚያ ውስጥ ካለው በቀር ሌላ ቅጂ አልነበረንም።

ርዕሰ መምህሩ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሲደነግጡ ግን አፋቸው አያርፍም። «ምን ነካክተሽበት ነው? ለተማሪው ምን ልንለው ነው?» አሉኝ። ባሕር ዳር ይላክ ተባለ። ባሕር ዳር ደርሶ እስኪመለስማ ፈተናው አለፈ ማለት ነው። መምህራኑ በር ላይ ቆመው እኔን እኔን ያዩኛል። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። መፍቻ ፈልጌ አመጣሁ።

«ተይ ልጄ፣ ጭራሽ እንዳታጠፊው» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

«ከዚህ በላይ ምን ይጠፋል ጋሼ?» ብዬ ክዳኑን ፈታሁት።

እንደገና አብርቼ ጆሮዬን ሳስጠጋ ዲስኩ ሲሽከረከር ይሰማል። አልሞተም ማለት ነው። አጠፋሁትና ከዲስኩ የሚወጣውን ሰፊ ገመድ በጣቴ ስከተለው መሀሉ ተዘንጥሏል። ከሥሩ የበቆሎ ፍርፋሪ አለ። የትምህርት ቤቱን እርሻ በቆሎ እኔ ክፍል ሲቆልሉት፣ አይጥ ይመጣብኛል ብዬ ስንት ጊዜ ለፍልፌ ነበር! ገመዱን ለርዕሰ መምህሩ እያሳየሁ «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ?» አልኳቸው።

ሲዲ ማንበቢያው ያው ዓይነት ገመድ አለው። በዚያ ሰዓት ሲዲ ምን ያደርግልኛል? ነቅዬ ለዲስኩ ሰካሁለት። ሳበራው ትንሽ ቆየና ተነሣ። ፈተናዎቹ አንድም ሳይጎድሉ አሉ። እልል አልኩ፤ አላፈርኩም። ርዕሰ መምህሩ ይቅርታ ጠይቀውኝ ከዘበኛው ጋር የበቆሎውን ጆንያ ራሳቸው ተሸክመው አወጡ።

በማግስቱ ተማሪዎቹ ከፈተና ሲወጡ በር ላይ ቆሜ ነበር። «ሒሳቡ ገደለን፣ ምነው ይህ ፈተና በቀረ» እያሉ ይራገማሉ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እንደዚያ እርግማን ደስ ያሰኘኝ ምርቃት እስከ ዛሬ አላገኘሁም።