የኦሳካ ሳምንት፣ ጄኔቫ ላይ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ የመታጠቢያ ዱቄት ሰጠችኝ፤ ከጃፓን የመጣ፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ የሚበተን። ፓኬቱን ቀደድ ሳደርገው ሎሚም ብርቱካንም የሚመስል ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። "አልወደድሽውም እንዴ?" አለችኝ። ወድጄዋለሁ አልኳት፤ ፓኬቱን ግን መልሼ አጠፍኩት። ስሚኝማ፣ ያን ሽታ መጀመሪያ ያስለመደችኝ የአክስቴ ልጅ ናት።

ያኔ ሁለታችንም ሃያ ዓመት አልሞላንም። እኔ ከእናቴ ጋር ጄኔቫ፣ እሷ ብቻዋን ዙሪክ፣ ዜባህ የሚባል ሰፈር። ላንግሽትራሰ የሚባለው ጎዳና አካባቢ አንድ የጃፓን ምግብ ቤት ውስጥ የምግብ ሙያ ትማር ነበር። አለቃዋ የኦሳካ ሰው ነው፤ ሩዝ ሲያጥብም ዓሣ ሲከትፍም የሚያወራው ስለ ከተማው ነው። ጠዋት የት እንደሚሸመት፣ ምሳ የት ቆሞ እንደሚበላ፣ ሲመሽ ድካም የት እንደሚወጣ። እሷም ከተማዋን በወሬ ብቻ እንደ ሰፈሯ ለመደቻት። አንድ ቀን "ፈተናሽን ካለፍሽ ይዤሽ እሄዳለሁ" አላት። አለፈች።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ትንሽ የጴንጤ ጉባኤ ነው፤ ሰዉ ገና ያልጨበጠውን ነገር ተነስቶ "በእምነት ተቀብያለሁ" ብሎ ይመሰክራል። እሷም ማይኩን ይዛ "ጌታ ኦሳካ ወስዶኛል!" አለች። አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። የያዘችው የመኖሪያ ወረቀት ግን ኤፍ የሚሉት፣ ለጊዜው ብቻ እንዲቆይ የተፈቀደለት ስደተኛ የሚይዘው ነው፤ ኤፍ ያለው ሰው ከስዊዘርላንድ ለመውጣት ልዩ ፈቃድ መለመን አለበት። ለመነች፤ ከለከሏት። አለቃዋ አዝኖ ብቻውን ሄደ።

እስቲ አስቢው። እናት የላት፣ እህት የላት፤ ቤተሰቧ ያ ጉባኤ ነው። እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ የሚጸለይላት ምስኪን ነበረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እሷን አይቶ "ጌታ ሲሰጥ እንዲህ ነው" አለ። ያን እንዴት አድርጋ ትመልሰው? "ከለከሉኝ" ለማለት አፏ እምቢ አላት። እነሱም እንደ ወጉ አየር ማረፊያ ድረስ ሸኟት። እጅ ጭነው ጸለዩላት፤ አንዷ የፊት ክሬም፣ አንዷ የወጥ ቤት ቢላዋ አዘዘቻት። ተሳስመው ዞር ሲሉላት ደረጃውን ወርዳ ከሥር ካለው ጣቢያ የጄኔቫን ባቡር ተሳፈረች።

እናቴ ነገሩን አስቀድማ በስልክ ሰምታለች፤ በሩን ስትከፍት ሻንጣውን አይታ "እንኳን ደህና መጣሽ! የኦሳካ ብርድ እንዴት ይዞሻል?" አለቻት። እናቴ ክፉ አይደለችም፤ ምላሷ ግን አያርፍም። እራት በቀረበ ቁጥር "ይሄስ ጃፓን አለ?" ትላታለች። እሷም ትስቅላታለች። ከእኔ ጋር ነበር የምትተኛው፤ ጠዋት ጠዋት ትራሷ እርጥብ ነው።

አንድ ማለዳ ግን ቀሰቀሰችኝና "ተነሺ፣ ኦሳካን ላሳይሽ" አለችኝ። ፕላንፓሌ ገበያ ወሰደችኝ። "ይሄ ኩሮሞን ገበያ ነው በይ። በዚህ ዓሣ፣ በዚያ እንጆሪ፤ የገዛሽውን እዚያው ቆመሽ ትበያለሽ።" ከእስያ ሱቅ ኦክቶፐስ ገዝታ የእናቴ መጥበሻ ላይ በሊጥ እየጠቀለለች ጠበሰችልኝ፤ ምላሴን አቃጥሎኝ ስዘል በሳቅ ፈረሰች። አመሻሹ ላይ ፓኪ፣ ሐይቁ ዳር ያለው የሕዝብ መታጠቢያ ገባን። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖታል፤ ድምጿ ብቻ ነው የሚመጣው። "ኦሳካ ሰዉ ሥራ ሲጨርስ ራቁቱን አንድ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ማን ምን ወረቀት እንደያዘ አይታወቅም" አለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

እሁድ ጠዋት አብሬያት ዙሪክ ሄድኩ። ሻንጣው ጄኔቫ ካለ የጃፓን ሱቅ በተገዛ ስጦታ ጢም ብሏል፤ ያ የመታጠቢያ ዱቄትም አለበት። ኦርሊኮን ሰፈር ያለው የጉባኤው አዳራሽ ሞልቶ ጠበቀን። የፓስተሩ ሚስት አቅፋ ሳመቻትና ማይኩን ሰጠቻት። "የኔ ቆንጆ፣ እስቲ ንገሪን። የት ገዛሽ? ምን በላሽ? የት አረፍሽ?"

ተናገረች። አቤት አነጋገር! ገበያውን፣ ቦዩ ዳር የሚተራመሰውን መብራት፣ እየጮኸ የሚጠብሰውን ሰውዬ፣ የማታውን ገንዳ። እኔ እንኳን እውነቱን የማውቀው ሄዳ የመጣች መሰለኝ። አንዲት ሴትዮ እንባዋን ስትጠርግ አየሁ።

የፓስተሩ ሚስት ፈገግ እንዳለች ስልኳን አውጥታ ደወለችና ማይኩ ላይ ደገነችው። እሷና እናቴ የስደተኛ ካምፕ ጓደኛሞች ናቸው።

"እህቴ፣ እንግዳሽ በሰላም ወጣች?"

የእናቴ ድምፅ አዳራሹን ሞላው። "አዎ፣ ጠዋት ባቡር አሳፈርኳት። ምስኪን፣ ሳምንቱን ሙሉ እኔው ጋ ተደብቃ! አንቺ ብቻ አደራ፣ እንደነገርኩሽ ለሰው እንዳታወሪ።"

መጀመሪያ አንድ ልጅ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። የአክስቴ ልጅ ማይኩን እንደያዘች ማልቀስ ጀመረች፤ ልቅሶዋ በድምፅ ማጉያው ወጣ። የፓስተሩ ሚስት አገጯን ያዝ አድርጋ፣ "ምን ያስለቅስሻል? በእምነት ሄደሽ መጥተሽ የለ እንዴ!" አለቻት። ፓስተሩ ራሱ አፉን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሸፈነ። እኔ ልጮህ ስነሳ የአክስቴ ልጅ በዓይኗ "ተይ" አለችኝ። ስጦታውን አልመለሱላትም፤ ሻንጣውን ከፍተው እየሳቁ ተካፈሉት።

ትራም ውስጥ ባዶውን ሻንጣ ጭኗ ላይ አድርጋ በመስኮት ታያለች። ዜባህ ልንደርስ ስንል አፏን ከፈተች።

"ስልኩ እስኪደወል ግን አምነውኝ ነበር፣ አይደል?"

"አምነውሽ ነበር። አንዷማ አልቅሳለች።"

"ስለ ገንዳው ስነግራቸው?"

"አዎ፣ ስለ ገንዳው።"

ራሷን ነቀነቀችና መልሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። በማግሥቱ ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ፤ አጥብቃ ሳመችኝ፤ "አክስቴን ሰላም በይልኝ" ግን አላለችም። አሁን እናቴ አርጅታለች፤ በየበዓሉ ለአክስቴ ልጅ ትደውላለች። ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። "ሥራ በዝቶባት ይሆናል" ትለኛለች እናቴ። እኔም "ይሆናል" እላታለሁ።