የባለቤቶቹ ቁራሽ

ዛሬ ሲያትል፣ ዶርማችን አጠገብ ዝናብ የመታው እንጨት ሲሸተኝ በልጅነቴ እዚሁ አቅራቢያ ታኮማ ከተማ ሄደን ያየነው የድሮ የእንጨት ምሽግ ትዝ አለኝ። ግቢው ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ፈረንጅ ሰፋሪዎች ቤት የቀረው የመሠረቱ ድንጋይ ብቻ ነበር። እኔ በጣም ርቦኝ ነበር፤ የምሳችንን ዳቦ የያዙት ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ግን ደጃፉ በነበረበት ቦታ ቆመው «ቤቶች» አሉ።

«እትዬ፣ ማንም የለም እኮ።»

«ታዲያ ግቡ ሳንባል ሰው ቤት ልንበላ ነው?»

በሌለው ግድግዳ በኩል ዞሬ ገባሁና «ይግቡ» አልኳቸው። ጉበኑ እንዳይመታቸው ጎንበስ ብለው ገቡ። ዳቦውን ቆርሰው የመጀመሪያውን ቁራሽ ድንጋዩ ላይ አኖሩ።

«የባለቤቶቹ ነው።»

ከምሽጉ በፊትም እዚያ የአገሩ ነባር ሰዎች ይኖሩ እንደነበር ትምህርት ቤት ተምረናል። «የትኞቹ ባለቤቶች?» አልኩ።

«እሱን እነሱ ይስማሙበት» አሉና የእኔን ድርሻ ሰጡኝ።

ዛሬም ሳንድዊቼን ከመግመጤ በፊት የቦታው ባለቤቶች ካሉ ብዬ ዙሪያዬን አየት አደረግሁ።