«ደህና ነኝ» የጎደለው ፖስት ካርድ

የድሮ ፖስት ካርዶችን ዛሬ ሰው እንደ ቅርስ ይሰበስባል አሉ። ምን እንደሚያነብባቸው አላውቅም። እኛ አርባ ምንጭ የምናገኘው ካርድ ሁሉ አዞ ነበር ማለት ይቻላል፤ ጫሞ ሐይቅ ዳር አፉን ከፍቶ የተኛ አዞ። እንኳን አደረሳችሁም፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁም የሚላከው በእሱ ነው። የሳቀ ሰው አላየሁም።

የጎረቤቴ ልጅ አዲስ አበባ ሥራ ከያዘ ወዲህ ሁለት መስቀል አልፎታል። እኛ ዘንድ ልጅ ለመስቀል ከቀረ፣ እናቱ ምን በድላው ነው ይባላል። እናም ባልቴቷ እናቱ ካርድ ገዝተው መጡና «ዘንድሮ ለመስቀል ና ብለሽ ጻፊልኝ» አሉኝ።

መጀመሪያ ጤናውን ጠየቅን። ከዚያ እሳቸው ከናፍቆቱ በቀር ደህና መሆናቸውን ገለጽን። ቀጥሎ የላይ ጎረቤት፣ የታች ጎረቤት፣ የክርስትና እናቱ ሰላም አሉት። ካርዱ አለቀ።

«እማማ፣ ‹ና› የሚለው አልገባም። ከሰላምታው እንቀንስ?»

«የማንን ሰላምታ ልብላ? ደግሞ ይሄ ፖስታ የለው፣ ራቁቱን ነው የሚሄደው። ልጇን ለመነች ብሎ አገር ያንብበው? ልጅ ከሆነ ይገባዋል።»

አልገባውም። መስቀል ካለፈ በኋላ የእሱ ካርድ መጣ። ሁላችንም ደህና በመሆናችን እጅግ መደሰቱን በሚያምር የእጅ ጽሕፈት ገልጿል። እማማ ደግሜ እንዳነብላቸው አዘዙኝ፤ ከዚያ ወጥተው ሌላ አዞ ገዙ።

«እንደ በፊቱ ጻፊ፤ የማንም ሰላምታ እንዳይቀር። ‹እኔ ደህና ነኝ› የሚለውን ብቻ ተዪው።»

«ታምሜያለሁ ልበል?»

«ዋሺ አልኩሽ? ዝም በይ ነው ያልኩት።»

ዝም ብዬ ጻፍኩ።

ካርዱ በደረሰው ማግስት አውቶቡስ ተሳፍሮ መጣ። እማማ ገበያ ላይ ከድንች ሻጭ ጋር ሲከራከሩ ደረሰብን።

«እማዬ! ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«ማነው አመማት ያለህ?»

«ደህና ነኝ አላልሽማ!»

«እንዲህ አጥርተህ ማንበብ ከቻልክ ለመስቀል ምን ነካህ?» አሉና ድንቹን አሸከሙት።

ለበሽተኛ ብሎ ሙዝ ይዟል። እዚሁ አጠገባችን ካለው ከምዕራብ ዓባያ ተጭኖ አዲስ አበባ የገባ ሙዝ፣ እዚያ በውድ ተገዝቶ በመጣበት መንገድ ተመልሷል። እናቱ ቤት ገብተው አንዱን ላጡ፤ ቀስ ብለው አኘኩ።

«የአዲስ አበባ ሙዝ እኮ ሌላ ነው» አሉኝ።